ከቢማሪስታን እስከ ሆስፒታል፦ የህክምና ቤትና የሐኪም ሙያ እንዴት ተለወጠ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሆስፒታልና ስለ ሐኪም ሙያ ታሪክ እንነጋገራለን። ይህን ርእስ የመረጥነው በወንድሞቻችንና በእህቶቻችን ዘንድ ሁለት የተራራቁ አባባሎችን ደጋግመን ስለምንሰማ ነው። አንደኛው ወገን “ዘመናዊ ህክምና ሙሉ በሙሉ የኛ ነበር፤ ሌሎች ወሰዱት እንጂ ምንም አልጨመሩበትም” ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ “ህክምና የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ሙስሊሞች ያበረከቱት የለም” ይላል። ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን በግማሽ ነው የያዙት። ግማሽ ታሪክ ደግሞ አንዱን ለከንቱ ኩራት፣ ሌላውን ለተስፋ መቁረጥ ይዳርጋል።

ትኩረታችን ከ1500 እስከ 1840 ገደማ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ በሚያስፈልግበት ቦታ የሂጅራውንም እንጨምራለን። በእነዚህ ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ሆስፒታል ምን እንደሆነ፣ ሐኪም ማን እንደሚባል፣ ወጪውንም ማን እንደሚችል ከሥሩ ተለውጧል። ለውጡን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቢማሪስታን ምን ነበር?

“ቢማሪስታን” የፋርስ ቃል ነው። “ቢማር” በሽተኛ፣ “ስታን” ቦታ ማለት ስለሆነ “የበሽተኞች ቦታ” የሚል ትርጉም ይሰጣል። በባግዳድ፣ በደማስቆ፣ በካይሮና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች በርካታ ቢማሪስታኖች ተሠርተዋል። በደማስቆ ኑረዲን ዘንኪ በ1154 ያሠሩት ሕንፃ ዛሬም ድረስ የቆመ ሲሆን፣ ከ1978 ጀምሮ የህክምናና የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ሆኗል።

ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው በካይሮ የተሠራው የመንሱር ቢማሪስታን ነው። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደዘገቡት፣ አሚር ቀላዉን ገና የጦር አዛዥ ሳሉ ደማስቆ ውስጥ በጽኑ ታመሙ። ከኑረዲን ቢማሪስታን በመጣላቸው መድኃኒትም ዳኑ። ያን ጊዜ “አላህ ሥልጣን ከሰጠኝ እንዲህ ያለ ቤት አሠራለሁ” ብለው ተሳሉ። ሱልጣን በሆኑም ጊዜ ስለታቸውን ሞሉ። በ1284 (683 ዓ.ሂ) ቢማሪስታኑ በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተጠናቀቀ።

ስለዚህ ቤት ብዙ የምናውቀው የወቅፍ ሰነዱ ተጠብቆ ስለቆየ ነው። በሰነዱ መሠረት ቢማሪስታኑ ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለአገሬውም ለእንግዳውም ክፍት ነበር። ህመምተኛው የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረም፤ እስኪድን ድረስም የሚገደብበት ቀን አልነበረም። የትኩሳት ህመምተኞች፣ የዓይን ህመምተኞች፣ የቆሰሉና አጥንታቸው የተሰበረ፣ ተቅማጥ የያዛቸው ሁሉ በየክፍላቸው ይተኙ ነበር። ለሴቶችም የተለየ ቦታ ነበራቸው። ሰነዱ በበጋ ሙቀት ህመምተኞች የሚያራግቡበትን የዘንባባ ቅጠል ማራገቢያና ለምግባቸው የሚሆነውን መክደኛ ያለው ዕቃ ሳይቀር ይዘረዝራል። የሐኪሞቹ አለቃ ተቀምጦ የሚያስተምርበት ቦታም በሰነዱ ላይ ተጽፏል። የዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው ለአላህ ተብለው ከተያዙ ሱቆች፣ ቤቶችና መሬቶች ኪራይ ነበር። ወቅፍ ማለት ይህ ነው፦ ንብረቱ ይያዛል፣ ጥቅሙ ይሠደቃል።

በዚያ ዘመን ሐኪም የሚኮነው እንዴት ነበር?

በአማርኛችን “ሐኪም” የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መሠረቱም ጥበብ ማለት ነው። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት አንድን አዋቂ ሐኪም ይከተላል፣ መጻሕፍትን በፊቱ ያነባል፣ ህመምተኞችን አብሮ ይጎበኛል፣ በመጨረሻም መምህሩ ኢጃዛ ይሰጠዋል። አንዳንዱ በቢማሪስታን፣ አንዳንዱ በመድረሳ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአባቱ ይማር ነበር።

ቁጥጥርም አልጠፋም። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በ931 (319 ዓ.ሂ) በባግዳድ አንድ ሐኪም ነኝ ባይ በስህተቱ ሰው ገደለ። ይህ ለኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሲነገር፣ በሲናን ኢብን ሣቢት ሳይፈተን ማንም እንዳያክም አዘዙ። በከተማዋ ብቻ ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና ቀረቡ። ይህ እርምጃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካስተማሩት ጋር የሚስማማ ነው። ህክምና ሳያውቅ ሰውን ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋልና።

ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ በየቦታውና በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። ጠንካራ ሹም ባለበት ይጠብቃል፣ በሌለበት ይላላል። ብዙው ሕዝብ ደግሞ የሚታከመው በቢማሪስታን ሳይሆን በወጌሻ፣ በአዋላጅ፣ ሒጃማ (ዋግምት) በሚያወጣ ሰውና መድኃኒት በሚቀምም ነጋዴ ነበር።

በአውሮፓስ?

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሆስፒታል የሚባለው ቤት በአመዛኙ የድሆች፣ የሽማግሌዎችና የመንገደኞች መጠለያ ነበር። የሚተዳደረውም በገዳማትና በምእመናን ምጽዋት ነው። ህመምተኛው አልጋና ምግብ ያገኛል፣ ጸሎት ይደረግለታል፤ ሐኪም ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ሀብታም ሰው የሚታከመው በቤቱ ስለነበር ሆስፒታል መግባት የችግረኛ ምልክት ነበር።

ሙያውም በሦስት የተከፈለ ነበር። በዩኒቨርሲቲ በላቲን የተማረው ሐኪም መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ሽንት አይቶ ይፈርዳል፣ እጁን ግን በደም አይነክርም። ቀዶ ጠጋኙ ከጸጉር ቆራጭ ጋር በአንድ የሙያ ማኅበር ውስጥ ነበር፤ ቁስል ይሰፋል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ እግር ይቆርጣል። ሦስተኛው መድኃኒት ቀማሚው ነው። እነዚህ ሦስቱ አይከባበሩም፣ እርስ በርሳቸውም ይካሰሱ ነበር።

ከ1500 በኋላ መንግሥታት እጃቸውን ማስገባት ጀመሩ። በእንግሊዝ በ1518 የሐኪሞች ኮሌጅ በንጉሥ ትእዛዝ ተቋቋመ፤ በለንደን ማን ማከም እንደሚችል የመወሰን ሥልጣንም ተሰጠው። በ1540 የጸጉር ቆራጮችና የቀዶ ጠጋኞች ማኅበራት አንድ ሆኑ፤ በየዓመቱም የሞት ፍርድ የተፈጸመባቸውን የአራት ሰዎች አስከሬን ለትምህርት እንዲከፍቱ ተፈቀደላቸው። ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩት ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በ1745 ነው።

በዚያው ዘመን ከ1536 እስከ 1540 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግተው ንብረታቸውን ወሰዱ። ገዳማቱ ሲዘጉ በሥራቸው የነበሩ መጠለያዎችም አብረው ተዘጉ፤ ህመምተኞችም ጎዳና ላይ ወደቁ። የለንደን ነዋሪዎች ንጉሡን ለመኑ። በ1546 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ለከተማዋ ምክር ቤት ተሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፦ የበጎ አድራጎት ንብረት ሲነካ የመጀመሪያው ተጎጂ በሽተኛው ድሃ ነው። ይህ በእነሱ አገር ደረሰ፤ በኛም ዘንድ በሌላ መልክ እንደደረሰ ወደፊት እናያለን።

ሦስቱ ታላላቅ ለውጦች

የመጀመሪያው ለውጥ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው። ለመቶዎች ዓመታት በምሥራቅም በምዕራብም ስለ ሰው አካል የሚታመነው የጥንቱ ግሪካዊ ጋሊኖስ የጻፈው ነበር። ጋሊኖስ ግን አብዛኛውን ነገር ያየው በዝንጀሮና በሌሎች እንስሳት አካል ላይ ነው። በ1543 አንድሬያስ ቬሳሊየስ የተባለው የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሰው አስከሬን በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን በሥዕል አስደግፎ አሳተመ፤ ከሁለት መቶ በላይ የጋሊኖስን ስህተቶችም አረመ።

እዚህ ላይ ልናስታውሳቸው የሚገቡ ሙስሊም ሊቅ አሉ። ኢብን አን-ነፊስ የደማስቆና የካይሮ ሐኪም፣ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህም ነበሩ። ጋሊኖስና ኢብን ሲና ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ቀዳዳ ነው ብለው ነበር። ኢብን አን-ነፊስ ግን ግድግዳው ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው ወደ ግራው የሚመጣው ብለው ጻፉ። ይህን የጻፉት ከቬሳሊየስ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። አስከሬን ከመክፈት ሸሪዓና ርኅራኄያቸው እንዳገዳቸውም ገልጸዋል። በ1288 (687 ዓ.ሂ) ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱር ቢማሪስታን ወቅፍ አደረጉ።

ታዲያ ምን ሆነ? የደም ዝውውርን ሙሉ በሙሉ ያስረዳው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ በፓዱዋ ተምሮ በ1609 ቀደም ብለን በጠቀስነው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ፤ መጽሐፉንም በ1628 አሳተመ። የኢብን አን-ነፊስ ጽሑፍ ግን በእጅ ጽሑፍነቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በ1924 ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባሉ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ሲማሩ በርሊን ከሚገኝ የእጅ ጽሑፍ ላይ አግኝተው ለዓለም አሳወቁት። ዕውቀቱ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥልበት፣ የሚፈትነውና የሚያባዛው ትውልድ አላገኘም።

ሁለተኛው ለውጥ በእጁ የሚሠራው ሰው ክብር ማግኘቱ ነው። አምብሯዝ ፓሬ ፈረንሳዊ ጸጉር ቆራጭና ቀዶ ጠጋኝ ነበር፤ ላቲን አልተማረም። በ1537 ገደማ ከጦር ሠራዊት ጋር ሳለ የጥይት ቁስልን በፈላ ዘይት መተኮስ የተለመደ ነበር። አንድ ቀን ዘይቱ አለቀበት፤ ስለዚህ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ቀላቅሎ ቀባ። ሌሊቱን ተጨንቆ አደረ። ሲነጋ በፈላ ዘይት የተተኮሱት በትኩሳትና በህመም ሲሰቃዩ፣ በቅባት የታከሙት ግን ደኅና አድረው አገኛቸው። ከዚያ በኋላ የቆሰለ ሰው በዘይት አልተኮሰም። ያየውንም በ1545 ሕዝቡ በሚያነበው በፈረንሳይኛ አሳተመ። ምክንያቱ ከመጽሐፍ ይልቅ የህመምተኛውን ሁኔታ መመልከቱ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ተማሪውን ወደ ህመምተኛው አልጋ ማምጣት ነው። ይህ በቢማሪስታኖች ቀድሞ የነበረ ልማድ ነው። በአውሮፓ ግን በ1636 በሆላንድ የላይደን ከተማ ሥር ሰደደ። ሥራው የተጀመረው በአሥራ ሁለት አልጋዎች ነበር፤ ስድስት ለወንዶች፣ ስድስት ለሴቶች። ከ1714 ጀምሮ ሄርማን ቡርሃቨ በዚያ ሲያስተምር ከመላው አውሮፓ ተማሪዎች ጎረፉለት። እነሱም ትምህርቱን ወደ ኤዲንብራና ወደ ቪየና ወሰዱት። በ1794 ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙና ቀዶ ጠጋኙ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል ውስጥ አብረው እንዲማሩ ተደረገ። የዛሬው የሐኪሞች ትምህርት የተገነባው በዚህ መንገድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን እነዚያ ሆስፒታሎች ወዲያው የፈውስ ቤት አልሆኑም። ዣክ ተኖን የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ጠጋኝ በ1788 ባሳተመው ዘገባ፣ በፓሪስ ትልቁ ሆስፒታል በአንድ አልጋ ላይ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ሰዎች አብረው እንደሚተኙ ገልጿል። የሚድነው ከሚሞተውና የሚማቅቀው ከሚያገግመው ጋር በአንድ አልጋ ነበር። ከገቡት ከአራት ወይም ከአምስት ሰዎች አንዱ ይሞት ነበር። ነገር ግን ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ ጉድለታቸውን ለራሳቸው ሕዝብ ገለጡ። የተሻለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

በዑስማንያ መንግሥት

ሙስሊሙ ዓለም በእነዚህ ዘመናት ተኝቶ ነበር ማለት ስህተት ነው። ሱልጣን ባየዚድ 2ኛ በኤዲርኔ ያሠሩት ቢማሪስታን በ1488 ተጠናቀቀ። መንገደኛው ኤውሊያ ቸለቢ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎብኝተው፣ የአእምሮ ህመምተኞች በሳምንት ሦስት ጊዜ በዜማ ሲታከሙ ማየታቸውን ጽፈዋል። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ ከተሞች እንዲህ ያሉ ህመምተኞች በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በኢስታንቡል የሱለይማኒያ መስጊድ ግቢ በ1557 ሲመረቅ ቢማሪስታን ብቻ ሳይሆን ለህክምና ብቻ የተለየ መድረሳም ነበረው። የቤተ መንግሥቱ ሐኪሞች አለቃም በግዛቱ ያሉትን ሐኪሞች የመሾምና የመፈተን ኃላፊነት ነበረበት።

አዲስ ዕውቀትንም አልገፉም። የሐለቡ ሳሊሕ ኢብን ነስሩላህ የሱልጣን መሕመድ 4ኛ ሐኪሞች አለቃ ነበሩ፤ በ1669 ሞቱ። በአውሮፓ የተነሣውን በማዕድን መድኃኒት የማከም ዘዴ በዐረብኛ ጽፈው “አዲሱ ህክምና” በሚል ስም አስተዋወቁ።

ወደ አውሮፓ የተሻገረም ነበር። በኢስታንቡልና በኤዲርኔ ሰዎች ከቀላል የፈንጣጣ ህመምተኛ ቁስል ጥቂት ወስደው ጤነኛውን ልጅ በመቧጨር ይከትቡ ነበር። የእንግሊዙ አምባሳደር ባለቤት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ ይህን በ1717 አይታ ለወዳጆቿ ጻፈች፤ በ1718 ወንድ ልጇን እዚያው አስከተበች፣ በ1721 ደግሞ ሴት ልጇን ለንደን ውስጥ። ኤድዋርድ ጄነር ከላም በሽታ የተሻለውን ክትባት ያገኘው በ1796 ነው። ያን ክትባት ወደ ምዕራብ ያደረሰው የሊቃውንት መጽሐፍ አልነበረም፤ ስማቸው ያልተጻፈ አሮጊቶች እጅ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ?

ጉድለቱን በሁለት ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛው የወቅፍ አማና መላላት ነው። ወቅፍ የሚኖረው ናዚሩ፣ ማለትም አስተዳዳሪው፣ አላህን እስከፈራ ድረስ ነው። የተያዘው ሱቅ ሲያረጅ ሳይጠገን ይቀራል። መሬቱ በርካሽ ለዘመድ ይከራያል። ገንዘቡ ለሌላ ይውላል። የመንሱር ቢማሪስታንም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዐብዱረሕማን ከትኹዳ ቢታደስም የቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም። በ1830ዎቹ ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን በአብዛኛው የአእምሮ ህመምተኞች በአሳዛኝ ሁኔታ የሚያዙበት ቦታ ሆኖ ነው ያገኘው። ያ የዘንባባ ማራገቢያ ሳይቀር የታሰበበት ቤት ማለት ነው!

ሁለተኛው ትምህርት ወደ መደጋገም ማዘንበሉ ነው። ቀደምት ሊቃውንት ያሉትን መሸምደድ፣ በማብራሪያ ላይ ማብራሪያ መጻፍ በዛ። የኢብን ሲና “አል-ቃኑን” በዐረብኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በሙስሊም አገር ሳይሆን በሮም፣ በ1593 ነው። በዑስማንያ መንግሥት በሙስሊም እጅ የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት የተፈቀደው በ1727 ነው። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ አንድ ግኝት ወደ ሺህ ሐኪሞች ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

ካይሮ፦ አሮጌውና አዲሱ የተገናኙበት

በ1798 የፈረንሳይ ሠራዊት ግብፅን ወረረ። ይህን በዓይናቸው አይተው የጻፉልን ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። አል-ጀበርቲ ለኛ እንግዳ አይደሉም። የዘር ሐረጋቸው ከጀበርት፣ ከዘይላዕና ከኢፋት አካባቢ የሚመዘዝ ነው፤ አያቶቻቸውም በአዝሀር የጀበርቶችን ሪዋቅ ይመሩ ነበር። አል-ጀበርቲ ወረራውን አጥብቀው ኮነኑ። ነገር ግን የፈረንሳዮቹን ቤተ መጻሕፍት ጎብኝተው፣ የኬሚስትሪ ሙከራቸውን ተመልክተው ያዩትን ሳይደብቁ ጻፉ። ጠላትን መጥላትና የጠላትን ዕውቀት በትክክል መመዘን አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በተግባር አሳዩ።

ፈረንሳዮች ከወጡ በኋላ ግብፅን የገዙት ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በ1827 በአቡ ዘዕበል የህክምና ትምህርት ቤት አስከፈቱ። የመሩት ክሎት ቤይ የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተመለመሉት ከአዝሀር ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ይሰጥና ወደ ዐረብኛ ይተረጎም ነበር፤ መጻሕፍቱም በቡላቅ ማተሚያ ቤት ታተሙ። በ1837 ትምህርት ቤቱ ወደ ቀስር አል-ዐይኒ ተዛወረ። በዚያው በ1827 ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛም በኢስታንቡል የህክምና ትምህርት ቤት ከፍተዋል።

ከባዱ ጥያቄ አስከሬን መክፈት ነበር። የሞተ ሙስሊም ክብር እንደ ሕያው ክብር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የሕዝቡ ተቃውሞ ከእምነት የመነጨ ነው። የአል-ጀበርቲ ወዳጅ የነበሩትና በኋላ የአዝሀር ሸይኽ የሆኑት ሐሰን አል-ዐጣር ግን ራሳቸው ህክምና ያነበቡ ዓሊም ስለነበሩ የአናቶሚ ትምህርትን ደገፉ። በዘመናችንም በመካ የሚገኘው የፊቅህ ምክር ቤት በ1987 (1408 ዓ.ሂ) ለትምህርትና ለወንጀል ምርመራ ሲያስፈልግ ይህን በመስፈርት ፈቅዷል። ከመስፈርቶቹ መካከል ከአስፈላጊው በላይ አለመሄድ፣ የሴት አስከሬን በሴት ሐኪሞች እንዲያዝና የአካል ክፍሎቹ በሙሉ እንዲቀበሩ ማድረግ ይገኙበታል።

ሌላው ጥያቄ የሴቶች ህክምና ነበር። ሴት ህመምተኛን የምታክም የተማረች ሴት ታስፈልጋለች። በ1832 የሴት ሐኪሞችና አዋላጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ግን ጠፋ። ስለዚህ ከካይሮ የባሪያ ገበያ አሥር የሱዳንና የሐበሻ ልጃገረዶች ተገዝተው ገቡ። በኋላ ምሩቃኑ “ሐኪማ” እየተባሉ እናቶችን አዋለዱ፣ ሕፃናትን ከፈንጣጣ ከተቡ። ውድ እህቶቻችን፣ ከምድራችን በግፍ ተነጥቀው የተሸጡ ልጃገረዶች በዘመናዊው የግብፅ ህክምና ከመጀመሪያዎቹ የተማሩ ሴቶች መካከል መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስማቸው አልደረሰንም። አላህ ግን አንዲትንም አይረሳም።

ምን ተገኘ? ምን ታጣ?

በአዲሱ ሥርዓት ብዙ ተገኘ። ሐኪሙ በመንግሥት ተፈትኖ ፈቃድ ይይዛል። ሐኪሙና ቀዶ ጠጋኙ አንድ ሙያ ሆኑ። ትምህርቱ በዓይን በሚታይና በሚፈተን ነገር ላይ ቆመ። ወረርሽኝን በጋራ መከላከል ተቻለ።

የታጣም አለ። የአዲሱ ሆስፒታል የመጀመሪያ ህመምተኛ ድሃው መንገደኛ ሳይሆን ወታደሩ ነበር፤ አቡ ዘዕበል የተሠራውም ከጦር ሰፈር አጠገብ ነው። በቀድሞው የወቅፍ ሰነድ ላይ የድሃው መታከም ለአላህ ተብሎ የተጻፈ መብት ነበር። የወቅፍ መሬቶች በመንግሥት እጅ ሲገቡ ያ መብት በበጀትና በሹም ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ወጌሻዋና አዋላጇም ከነዕውቀታቸው ከሙያው ደጃፍ ውጭ ቀሩ።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደም አስተምረዋል። መድኃኒቱን ያገኘው ማንም ይሁን ማን ፈዋሹ አላህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዑለማዎቻችን እንዳስተማሩት ህክምናን ማወቅ ፈርደ ኪፋያ ነው፤ የሚበቃ ሰው ካልተገኘ ማኅበረሰቡ በሙሉ ይጠየቃል። የአካባቢያችን ሴቶች ሴት ሐኪም ይሻሉ እያልን ሴት ልጃችንን ከትምህርት ቤት የምናስቀር ከሆነ፣ በ1832 የካይሮ ወላጆች የሠሩትን እየደገምን ነው።

ሦስተኛ፣ ወቅፍን እናስብበት። የመንሱር ቢማሪስታን የጀመረው በአንድ የታመመ ሰው ስለት ነው። እያንዳንዳችን ሆስፒታል ማሠራት አንችልም። አንድ የሱቅ ኪራይ ግን በአንድ ከተማ ለችግረኛ ህመምተኞች መድኃኒት ሊገዛ ይችላል። ለእናቶች ማዋለጃ የሚሆን አልጋ ማቆምም ቀላል አይደለም፤ የማይቻል ግን አይደለም። ከመስጠቱ በላይ የሚከብደው አማናውን መጠበቁ ነው። ሒሳቡ በግልጽ የሚጻፍበት፣ በየዓመቱ ለጀመዓው የሚነበብበት፣ ናዚሩ የሚጠየቅበት ወቅፍ ይኖራል። የማይጠየቅበት ግን ግድግዳው ቢቆምም ውስጡ ባዶ ይሆናል።

በቀላዉን ግቢ ከነበረው ቢማሪስታን ዛሬ የተረፈው ጥቂት ግድግዳ ነው። በቦታው ላይ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዓይን ሆስፒታል ተሠርቷል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ለአላህ ብሎ በያዘው ምድር ላይ ሰዎች ዓይናቸውን ለመታከም መጥተዋል። የማይቋረጥ ሰደቃ ሲባል ይህን የመሰለ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ህመምተኞቻችንን ይማርልን፣ ያሽርልን። ሐኪሞቻችንን በዕውቀትና በአማና ያጠንክርልን። የምንተወውን መልካም ሥራ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን!